ፊቤ ባሕር ኃይል ገባች

ቮስሎሩስ፣ ጆሃንስበርግ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

የጌታ ሰላም ከአንተና ከቤትህ ጋር ይሁን። ጤንነትህ እንዴት ነው? ወገብህን እንደሚያምህ ሰምቻለሁ። ከማን እንደሰማሁ አትጠይቀኝ። ሠላሳ ዓመት ባልጽፍልህም ስለ አንተ ሳልጠይቅ ያለፈ ወር የለም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ሱቄንም እስካሁን ራሴ እከፍታለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የልጄ የበቀለች ልጅ ፊቤ፣ እዚሁ ተወልዳ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው፣ ወታደር እሆናለሁ ብላ ተነሣች። እናቷ አለቀሰች፤ እኔ ደስ አለኝ። ቅጹን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ፣ አባባ ምረጥልኝ አለችኝ። እኔም እንደማውቀው ነገርኳት። እግረኛ መሬት ላይ ይተኛል፣ ስለዚህ መሬቱን ያውቃል። አየር ኃይል የተማረ ነው፤ አልጋው ላይ ያድራል፣ ሲሰናበትም ሙያ ይዞ ይወጣል። የሕክምና ክፍል በጦርነትም በሰላምም ሥራ አይፈታም፤ እሱን ያዢ አልኳት። ባሕር ኃይልስ ስትለኝ፣ እነሱ ሙሽሮች ናቸው፣ ሥራቸው ነጭ ለብሶ ፎቶ መነሣት ነው አልኳት። ሳቀችና፣ ነጭ ለብሶ የመርከብ ሞተር የሚፈታ የለም፣ እኔ የምፈልገው ሞተሩን ነው አለች። ቀጥላም፣ በቤታችን ባሕር የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት።

አሥራ ሁለት ዓመት በመርከብ ሞተር ክፍል የኖርከውን አንተን ነው የለም ያልኩት። በማግስቱ ጠርቻት ሁሉን ነገርኳት። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን እኔ ከሰሜን እየለመንኩ በእግሬ አገሬ ስገባ፣ አንተ በመርከብ የመን መሻገርህን እንደሰማሁ፤ ተመልሰህ ስትመጣም በአባታችን ልቅሶ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ሸሽቶ የሄደ ወንድም የለኝም እንዳልኩህ። ሰማችኝና፣ አባባ፣ አንተስ ወደዚህ አገር በምን መጣህ አለችኝ። በአውቶቡስ አልኳት። ድንበሩን ግን በጭነት መኪና ሸራ ሥር ተኝቼ አልኳት። እሷ ሌላ አልጠየቀችኝም። እኔ ግን ራሴን መጠየቅ አልተውኩም።

ባሕር ኃይል ለመመረጥ መዋኘት መቻል ነበረባት። እኔ እስከዚያ ያስተማርኳት የማውቀውን ነው፤ በጓሮ ሰልፍ፣ ብርድ ልብስ ማጠፍ፣ ጫማ መወልወል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሕዝብ መዋኛው ወሰድኳት። ኮፍያዬን አድርጌ ዳር ቆሜ ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ እያልኩ አዝዛት ነበር። አሠልጣኟ፣ ማዳላ፣ ውሃ ትእዛዝ አይሰማም፣ ወይ ግባ ወይ ተቀመጥ አለችኝ። ሽማግሌን እዚህ ማዳላ ነው የሚሉት። ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ወታደር ሳለን በእረፍቴ ምጽዋ ድረስ መጥቼ ስጠይቅህ ያደረግኸው ታወሰኝ። እስከ ደረትህ ውሃ ውስጥ ቆመህ እጅህን ዘረጋህልኝ። እኔ ቡትስ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ እግረኛ እጁን አይያዝም ብዬህ ተመለስኩ።

ፊቤ አለፈች። የሠልጣኞቹ ምረቃ ሰኔ ላይ ባሕሩ ዳር ነው፤ ሁለት ዘመድ መጥራት ይፈቀድላታል። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው በቀለች ትሆናለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን፣ ቦታው የአጎቴ ነው ብላ ለአንተ ለቀቀችልህ። ፊቤም ስምህን ጽፋ ሰጥታለች። እኔ ጻፊ አላልኳትም፤ አትጻፊም አላልኳትም። መንገዱን እኔ አሰናዳለሁ። እንቢ ብትለኝም መብትህ ነው፤ እኔ ብሆን እንቢ እል ነበር።

ስትመልስልኝ ግን ከሁሉ አስቀድመህ ይህን ጻፍልኝ። ሰው ፊቱን ውሃ ውስጥ ሲከት ትንፋሹን እንዴት ያደርጋል? ስንት ቆጥሮ ነው ቀና የሚለው? ለፊቤ እንዳይመስልህ፤ እሷ ከሄደች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። መዋኛው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍት ነው።

እግዚአብሔር ወገብህን ያጽናልህ፤ የልጆችህን ልጆች ያሳይህ፤ ደጅህን ሰላም ያድርገው።

ታላቅ ወንድምህ