ከካይሮ እስከ እስክንድርያ ያለቀስኩልዎ

ይድረስ ጎባ ላሉት ለውድ አባቴ ለአቶ ገብረወልድ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሳልዎ ቀለል አለልዎት? ጉልበትዎስ? የኅዳር ብርድ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ ጎባን ሲይዛት ደርበው ነው የሚያድሩት ወይስ እንደ ልማድዎ አልበረደኝም እያሉ ነው? መድኃኒቱንስ እስኪያልቅ ወሰዱት? እኔ በፈጣሪ ቸርነት፣ ስወጣ በመረቁኝም ምርቃት ተጠብቄ ደህና ነኝ። እግሬ ትንሽ አበጠ እንጂ ሌላ የሚነገር ሕመም የለብኝም። በስልክ ሃሎ ሃሎ እየተባባልን ከምንጯጯህ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው፤ ጆሮዎ ቢደክም ዓይንዎ ገና የጎልማሳ ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንሥቼ ለልጄ ለኤደን በቴሌግራም እልክላታለሁ፤ ተለቅ አድርጋ አሳትማ ትሰጥዎታለች።

የቁስቋምን በዓል ገዳሙ ድረስ ሄደን አክብረን በሰላም ካይሮ ተመልሰን ነበር። ትናንት ደግሞ ከሮቤ፣ ከጎባና ከዲንሾ የተሰባሰብነው ሁሉ በአንድ አውቶቡስ ወደ እስክንድርያ ተነሣን። መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ አንድ ጉብታ የለውም። ያን ሁሉ ዓመት ግሬደር ላይ ተቀምጠው የዲንሾን ዳገት የጠረጉት እርስዎ ቢያዩት፣ እዚህ አገር መንገድ ጠጋኝ ምን ሠርቶ ይበላል ይሉ ነበር። አስጎብኚው ግብፃዊ ስለ ዓባይ ውሃ አመሰግናችኋለሁ ሲለን፣ አንዱ የእኛ ሰው የባሌ ወንዝ እንኳ ወደ ሶማሌ ነው የሚወርደው፣ እኛን አታመስግነን ብሎ አሳቀን። እኔ ግን አልሳቅኩም። ምክንያቱን ልንገርዎ።

አባባ፣ ትናንት ሞተውብኝ ዋሉ።

ነገሩ የጀመረው ገና ከጠዋቱ ነው። ክብሩን ያውቁታል፤ ሮቤ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠውን። የጉዟችን የሻንጣ ኃላፊ እሱ ነው። ከአዲስ አበባ ጀምሮ የፊት ወንበር ይዞ ለማንም አልለቅም ያለ ሰው፣ ከካይሮ ብዙም ሳንርቅ ስልክ ተደወለለትና ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ብድግ ብሎ፣ ማሚትዬ፣ አንቺ እዚህ ተቀመጪ፣ እግርሽን ዘርጊ አለኝ። ማሚትዬ! ምግብ ቤቴ መጥቶ ጥብሱ ደረቀ ብሎ ልኩን ከነገርኩት ወዲህ በሩቁ ሲያየኝ መንገድ የሚቀይር ሰው ነው።

ትንሽ ቆይተው አስተባባሪያችን አቶ ጌታነህ አጠገቤ መጡና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቁርስ በደንብ በልተሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ያለው ጥያቄ መቼ እንደሚጠየቅ እኔና እርስዎ እናውቃለን። መርዶ የሚነገረው ሰው ሆዱ ባዶ እንዳይሆን አይደል? ወደ ወለተኢየሱስ ዞርኩ። ከሮቤ ጀምሮ አፏ ያልተዘጋው ጓደኛዬ ጭጭ ብላ በመስኮት አሸዋ ታያለች።

እኛ ገዳመ አስቄጥስ የምንለው በረሃ ስንደርስ፣ ቤተ ክርስቲያን ልገባ ነውና ሻንጣዬን አውርዱልኝ፣ ንጹሕ ነጠላ ላውጣ አልኩ። ክብሩ ሮጦ መጥቶ፣ አንቺ አትልፊ ብሎ የራሱን ጋቢ አለበሰኝ። በኋላ ከአውቶቡሱ ጀርባ ከአቶ ጌታነህ ጋር ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። እስክንድርያ ሳንገባ እንዳይነገራት፣ መንገድ ላይ አንችላትም ይላሉ።

ከእርስዎ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ስወጣ ያስልዎት ነበር። ልቅር ስል፣ ሂጂና ለእኔም ጸልዪልኝ ብለው በግድ ያስወጡኝ እርስዎ ነዎት። ልጄ ፍቅረየሱስ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ኤደን ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። በቃ፣ ደጃፉ ላይ ድንኳን ተጥሏል፣ በዚያ ጩኸት ስልክ ማን ይሰማል አልኩ። ገዳሙ ውስጥ እንዴት አድርጌ እንደምጸልይ እንኳ ጠፋኝ። በሕይወት ካሉ ነፍስ ይማር ማለት ነውር ነው፤ ካረፉም ሳሉን አቅልልለት ማለት ከንቱ ነው። በመጨረሻ፣ ጌታዬ ያለበትን አንተ ታውቃለህ፣ ባለበት ጠብቅልኝ ብዬ ወጣሁ። ምሳ ላይ ደግሞ ሁሉም የዶሮውን ምርጥ ምርጡን ወደ እኔ ሰሃን ይገፋል። እንባዬን ከሩዙ ጋር ዋጥኩት።

እስክንድርያ ስንገባ ሰው ሁሉ ባሕር አየሁ ብሎ እልል ይላል። እኔ በዕድሜዬ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜም አላየሁትም። ሆቴሉ እንደደረስን አቶ ጌታነህ ሁላችንንም እንግዳ መቀበያው ጋ ሰበሰቡን። እኔን መሃል አስቀምጠው በቀኜ ወለተኢየሱስ፣ በግራዬ የዲንሾዋ ሲምቦ ተጠጉኝ። ስወድቅ ሊይዙኝ ነው ብዬ አሰብኩ። አቶ ጌታነህ ጉሯሯቸውን ጠርገው፣ እንግዲህ ማሚቱ፣ ሰው ሆኖ ሁሉን መቻል ነው ሲሉ፣ ሌላ አልጠበቅኩም። ጋቢውን ወርውሬ፣ አባባ ብዬ ደረቴን እየመታሁ ጮህኩ። የሆቴሉ ዘበኛ ውሃ ይዞ ሮጠ። ክብሩ ደግሞ ከእኔ ብሶ፣ ኧረ ተገኝቷል፣ በሚቀጥለው አውቶቡስ እየመጣ ነው እያለ ይጮሃል። ማን ነው የሚመጣው ብዬ ቆም ስል፣ ሻንጣሽ ነዋ አለኝ።

ለካ ሻንጣዬን ካይሮ ሆቴሉ በር ላይ ረስቶት ኖሯል! ያ ሁሉ ወንበር፣ ያ ሁሉ ዶሮ፣ ያ ሁሉ ዝምታ የእኔን አፍ ፈርተው ነው። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እኔን እንዲህ እንደሚፈራ አላውቅም ነበር፤ እርስዎ ደጋግመው ነግረውኝ ነበር፣ አልሰማሁም እንጂ።

ቢሆንም አላመንኳቸውም፤ እንደገና ደወልኩ። ኤደን በኋላ እንደነገረችኝ ስልኳን ቤት ትታ ወፍጮ ቤት ሄዳ ኖሯል፤ ስልኩ አጠገብዎ ሲጮህ ውሏል። የስልኩን መብራት አይተው ነው መሰለኝ፣ አነሡት። አባባ፣ እኔ ነኝ፣ ማሚቱ ነኝ እያልኩ ስጮህ እርስዎ፣ ማሚቱ የለችም፣ ግብፅ ሄዳለች፣ ከሳምንት በኋላ ደውሉ ብለው ዘጉብኝ። ስልክ ተዘግቶብኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ክብሩን አቅፌ ሳምኩት። እስካሁን ድንጋጤው አልለቀቀውም።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ትናንት አውቶቡሱ ውስጥ ለቅሶው ላይ ምን እያልኩ እንደማለቅስልዎ ሳስብ ነው የዋልኩት። ሰው በቁሙ ሳለ መንገሩን ስለምናፍር፣ ካለፈ በኋላ ለጎረቤት ነው የምንጮኸው። እኔ አላፍርም፤ እርስዎው ይስሙት። ባሌ ትቶኝ ሁለት ልጆች ይዤ ቤትዎ ስመጣ አንድ ቃል አልጠየቁኝም። በሳምንቱ መዶሻ አንሥተው የሳሎንዎን ግድግዳ በመንገዱ በኩል አፈረሱና በር አወጡለት። ሰው ምን እየሠራህ ነው ሲልዎት፣ ቤቱ ነፋስ ያስፈልገዋል አሉ። ጎባ ላይ ነፋስ የሚቸግረው ማን ነው? በዚያ በር ሻይ መሸጥ ጀመርኩ፤ ልጆቼን ያሳደግኩት፣ ሮቤ ላይ ምግብ ቤት የከፈትኩት በዚያ በር ነው። እርስዎ ግን ያን ክረምት ሙሉ በተከፈተ ሳሎን ጋቢ ተከናንበው እየሳሉ ከረሙ። አመሰግናለሁ ብዬዎት አላውቅም። አመሰግናለሁ አባባ። እወድዎታለሁ።

ፍቅረየሱስን ይሳሙልኝ፤ መብራት ሳይጠፋ ስልኩን ይሰካ። ኤደን ወፍጮ ቤት ስትሄድ ስልኳን ይዛ ትሂድ። አክስቴን እትዬ አዜብን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ፤ የጠየቁኝን ጠበል ይዣለሁ። ጎረቤታችንን ሙለታን በኦሮምኛው አካም ጅርቱ ይበሉልኝ፤ ለስንዴው አጨዳ ኮምባይነር ደርሶለት ይሆን? ሻንጣዬ ማታውኑ ደርሷል፤ ለእርስዎ የገዛሁት ሹራብም አለ።

እርስዎ ግን በደንብ ይብሉ፣ ይልበሱ፣ መድኃኒትዎንም ይጨርሱ። አንድ ጊዜ በሙሉ ልቤ አልቅሼልዎታለሁ፤ ለሁለተኛው እንዳያስቸኩሉኝ።

ልጅዎ ማሚቱ ገብረወልድ
እስክንድርያ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.