የማይበላ ብር

ጥር 6
የ11ኛ ክፍል ፈተና ሳርም ዋልኩ። ግማሹ ክፍል አክሱምንና ላሊበላን አንድ ሰው የሠራቸው ይመስለዋል። ከሰዓት ወንድሜ የኋላሸት ከገጠር መጣ፣ ማሰሮ በጋቢው ሸፍኖ። የአባታችን ማሳ ላይ እርከን ሲቆፍር አግኝቶት ነው። አልጋዬ ላይ ገለበጠው... አርባ ባለሴትዮዋ ብር፣ የማርያ ትሬዛ። አንዲት ደግሞ አነስ ያለች፣ ዝገት የበላት። ከሥር ጠፍጣፋ ነሐስ ነበር፤ ለምንም አይሆንም ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።
«ላቲን እማራለሁ ትዪ የለ፤ በይ አንብቢው» አለኝ።
ሃያውን ይዞ ሄደ። የቀረው እኔ ጋ ነው።

ጥር 8
ላቲን በስልኬ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ለምን እንደጀመርኩ እንጃ... ግዕዝ ያስተማረኝ አባቴ ባይሞት ኖሮ አልጀምረውም ነበር። ብሩ ላይ አንድም ቃል ሙሉ አይደለም። D. G. ይላል። ዴኢ ግራትያ። ዴኢ በግዕዙ ሰዋስው ዘርፍ የምንለው ነው፣ «የእግዚአብሔር»። ግራትያ ደግሞ «በ»ን ጅራቷ ውስጥ ደብቃለች። በጸጋ እግዚአብሔር! ጠርዙ ላይ ሌላ ጽሑፍ አለ፦ በፍትሕና በምሕረት። ዓመቱ 1780።
ለየኋላሸት ደወልኩ። «ከአያታችን በፊት የተቀበረ ነው፣ የቅድመ አያቶችህ ሀብት» አልኩት። እየተጀነንኩ።

ጥር 11
ለጥምቀት ገጠር ወርጄ ነበር፤ ታቦቱ ገና ሳይገባ የኋላሸት አሻግሬን በሽመል መንጋጋውን ብሎ ጣለው። አሻግሬ ድንበርተኛችን ነው። አያቱ አያታችንን በ1928 ገድሏል፤ አባቴ ያኔ ገና በእናቱ ሆድ ነበር። ደሙ አልተመለሰም፣ ካሳም አልተከፈለም ሲባል ነው ያደግነው። ዘንድሮ ደግሞ ወሰን ገፋ ተባለ።
አሻግሬ ሁለት ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። ሚስቱ ሙሉሐረግ እርጉዝ ናት፣ ላዩ ላይ ተደፋችበት። የኋላሸት እሷም ላይ ሽመሉን አነሳ። ያኔ በጥፊ አጮልኩት፣ ሕዝብ እያየ። «አያትሽን የበላ ቤት ነው!» አለኝ።
አዘንኩ ወይ? ለራሴ አልዋሽም። ጥርሱ ሲወድቅ ትንሽ ደስ ብሎኛል።

ጥር 14
ሃያውን ብር ሸጦ ክላሽ ገዛ። በስልክ ነገረኝ፣ እንደ ምሥራች። «የአያቶቼ ብር ለአያቴ ደም» ይላል። ለመንኩት፣ ሰደብኩት። ዘጋብኝ።

ጥር 16
የቀረውን ለጥይት እንዳይወስደው ብዬ ጋሼ ጀብሪል ዘንድ አደራ ላስቀምጥ ሄድኩ። ገበያው ጥግ የድሮ ጌጥ ይሸጣሉ። ብሩ ላይ ባለችው ሴትዮ ደረት ያሉትን ሉሎች በጥፍራቸው እየቆጠሩ አንድ በአንድ አዩ። ትንሿን ገፋ አደረጓት። «ይቺ የእሷ አይደለችም። አንድ ብር ቢጎድላቸው ያገኙትን ጨምረው ነው።»
1780 ነው አልኳቸው። ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ ከተወለድኩ ወዲህ የተመታውም 1780 ነው የሚለው። ቁጥሩን ቀይረውት አያውቁም።»
የታሪክ አስተማሪ ነኝ ባይ!
ከብሩ ጋር ያመጣሁትን ነሐስ ሳሳያቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ቀለህ ነው። የጥይት ቀለህ፣ በመዶሻ የተቀጠቀጠ። አባቴ ሽማግሌ ሆኖ ደም ሲያስታርቅ ሟቹን የገደለችውን ጥይት ቀለህ ቀጥቅጠው ከካሳው ጋር ይከቱ ነበር። ወላሂ፣ ይሄ የደም ብር ነው። የደም ብር አይበላም፤ ተቀባዩ ይቀብረዋል።»
«የማን ደም?»
«እሱን ያንቺ ቤት ነው የሚያውቀው።»

ጥር 17
ይዤያት የተመለስኩትን ትንሿን ብር በሎሚና በአመድ አሸሁ። ጀርባዋ ተበልቷል፣ ዓመት የላትም። ፊቷ ላይ የወንድ ራስ፦ GEORGIVS VI REX ET IND. IMP. ሬክስ ንጉሥ። IND. የኢንድያ ነው፤ እሱም ዘርፍ፣ «የህንድ»። ስድስተኛው ጊዮርጊስ፣ ንጉሥ፣ የህንድም ንጉሠ ነገሥት። የእንግሊዙ። የነገሠው በእኛ በ1929። ማሰሮው የተቀበረው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነው።
አያቴ የሞተው በ1928። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሌላ ሰው አልተገደለም።
ተከፍሏል። ሴት አያቴ፣ ያቺ መበለት፣ ተቀብላ ቀብራዋለች። የባሏን ደም ሸጠች እንዳይሏት ለልጇም ሳትናገር ሞተች?
የየኋላሸት ስልክ ዝግ ነው። መኪና የለም። በእግሬ መሄዴ ነው።

ጥር 18
ቀደመኝ።
አሻግሬ አውድማው ላይ፣ በፊቱ ተደፍቶ። ጥይቱ አንገቱ ላይ፣ ጀርባው ላይ። በሬዎቹን ያቆመ ሰው አልነበረም፤ በደም የራሰውን ገለባ እየረገጡ ይዞራሉ። እኔ ነኝ ያቆምኳቸው። ሙሉሐረግ አየችኝ። ድንጋይ አንስታ ትከሻዬን መታችኝ። አልሸሸሁም።

ጥር 25
የአባታችንን ቤት የአሻግሬ ወንድሞች አቃጠሉት። ላሟን በቁሟ ቆራረጧት። የኋላሸት እጁን ሰጥቷል። ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ጠየቅሁት፤ ቀለሁን አሳይቼ ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር ያጋጨው ጀመር፣ ፖሊሶቹ እስኪይዙት ድረስ። ግድግዳው ቀላ።
«አንቺ ነሽ ሀብትህ ነው ያልሽኝ» አለኝ።
እኔ ነኝ።

መጋቢት 12
እርቅ። ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም ሃይማኖት ናቸው፣ ጋሼ ጀብሪልም አሉበት። አውድማው ላይ የተለቀመውን ቀለህ ሰጡኝ። ከወንድምሽ በቀር ከቤታችሁ የቀረሽው አንቺ ነሽ፣ ቀጥቅጪው አሉኝ። ሦስት ጊዜ ሳትኩ፤ አውራ ጣቴን ቀጠቀጥኩት። በአራተኛው ጠፍጣፋ ሆነ። የተረፈውን ሃያ አንድ ብር እሱ ላይ ጨምሬ፣ በዚያው ማሰሮ፣ ሙሉሐረግ እግር ሥር አኖርኩ። ሆዷ ገፍቷል።
«ወስደሽ ቅበሪው» አሏት።
«አልቀብረውም።»
«የደም ብር ቤት አይገባም፣ ልጄ።»
«የዚህች አያት ቀበረችው። ምን ሆነ? እኔ ባሌን ቀበርኩ።»
ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ የተማርሽው፣ በአማርኛ ጻፊልኝ። ማን ማንን እንደገደለ፣ ማን ታርቆ ማን እንዳፈረሰ።»
ከዚህ ደብተር አንድ ቅጠል ቀድጄ ጻፍኩ። የወንድሜን ስም። የእኔንም፣ 1780 ያልኩትን ሳልደብቅ። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ሰው ሁሉ እየሰማ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ወረቀቱን ማሰሮው ውስጥ ከትታ አቀፈችው።
«ልጁ ፊደል ሲቆጥር መጥተሽ ራስሽ ታነቢለታለሽ» አለችኝ።
እሺ አልኳት።