የእማዬ ጸበልና የፈተናው ካሜራ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

የኬሚስትሪ ፈተናዬን ሰረዙብኝ። በኩረጃ! እኔን! አራት ወር ሙሉ ከሚቆራረጥ ኢንተርኔት ጋር እየታገልኩ የተማርኩት ኮርስ ነው፤ እሱን ሳላልፍ ደግሞ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ማመልከቻዬን አያይልኝም።

በፈተናው ሰዓት ካሜራ ፊት ብቻዬን መቀመጥ ነበረብኝ። በዚህ በጅቡቲ ሙቀት ኤሲ ያለው ሳሎናችን ብቻ ስለሆነ አባዬንና እህቶቼን ካርቲየ 1 ሰፈር አክስቴ ዘንድ ሸኘኋቸው። እማዬ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቤተክርስቲያን ነበረች፤ ማን ይንገራት? ከፍልሰታ ቅዳሴ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ቀስ ብላ ገባች። ከኋላዬ ከጠርሙስ ጸበል ረጨችብኝና "እመቤቴ ትርዳሽ፣ ልጄ" ብላ ወጣች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ፈተናው ወዲያው ተዘጋ። ኢሜይሉ "ከሌላ ሰው እርዳታ ተቀብለሻል" ይላል። እማዬ እንኳን ኬሚስትሪ ፊደል አልቆጠረችም! ጠርሙሱ ውስጥ መልስ ያለ መሰላቸው እንዴ? ጭራሽ ይግባኝ ካልኩ ሴትየዋ በምን እንደረዳችኝ በዝርዝር እንድጽፍ ይፈልጋሉ።

የይግባኙን ቅጽ ከፍቼ እንደተቀመጥኩ እማዬ ከማድ ቤት ተጣራች።

"ጸበሉ ረዳሽ አይደል?"

"አዎ፣ እማ" አልኳት።