የጠቆረው ትኬት

ማክሰኞ ጠዋት፣ የካቲት 5
መብራት የለም። ኮፒ ማሽኑ ቆሟል፣ ደንበኛ የለም። እንግዲህ አንተ ላይ ልጩኽ፣ ደብተሬ። ወንድሜ ሙሉቀን ትናንትም የኳስ ውርርድ ሲቆርጥ ቤቲንግ ቤት ዋለ። ዲግሪ ይዞ! ወሬው ሁሉ ኦድ ነው፣ ያስያዘው ብር የሚባዛበት ቁጥር። ያሸንፋል የተባለ ቡድን ኦዱ ትንሽ፣ ይሸነፋል የተባለው ትልቅ። አራት ጨዋታ ትመርጫለሽ፣ የአንዱ ኦድ በሌላው ይባዛል ይለኛል። አንዱ ቢበላሽስ? ሁሉም ገደል ገባ። ይሄን እየሳቀ ነው የሚነግረኝ። ደሜ ፈላ።

ሐሙስ፣ የካቲት 7
ተጣላን። ትኬት መቁረጥህ ካልቀረ መናኸሪያ ካለው ቤቲንግ ቤት ቁረጥ አልኩት። ስልክ ይመዘግባሉ፣ ትኬት ቢጠፋም ይከፍላሉ። እምቢ! እሱ የሚሄድበት የፒያሳው ቤት ኦድ ትንሽ ይበልጣል። ትኬት ያላሳየ አይከፈለውም የሚል ማስታወቂያ ግድግዳቸው ላይ ለጥፈዋል፣ እሱ ግን ምን ገዶት። ግትር።

አርብ ከሰዓት፣ የካቲት 8
ትኬቱን ይዞ መጣ። ያለፈው ትኬት ኪሱ ውስጥ በላብ ደብዝዞበት ስለነበር ይሄን እንደ መታወቂያ በላስቲክ ላሚኔት አድርጊልኝ አለ። አደረግኩለት። ጥቁር ሆኖ ወጣ። ለካ ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ነው፣ የጋለው ላሚኔት ማሽን ውስጥ ሲገባ ሁለመናው ይጠቁራል። አላወቅኩም። ምን ላድርግ?

ሰኞ፣ የካቲት 11
የመረጣቸው አራቱም ጨዋታዎች እንዳለው ገቡለት። አራቱም!
ፒያሳ ሄዶ ለመናቸው። ጥቁር ላስቲክ ይዘህ ነው ክፈሉኝ የምትለው ብለው ሳቁበት። ሌቦች! ሲቆርጡለት ኮምፒውተራቸው ውስጥ አልገባም? ብሩ ለመንጃ ፈቃድ ነበር። ሚኒባስ የሚሰጠው ሰው አግኝቶ ነበር። ለእኔ አንድም ቀን አልነገረኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 13
ያጽናናኛል። አንቺ በምን ታውቂያለሽ እታለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው ይለኛል። ምነው በሰደበኝ!
እሺ። ደብተሬ፣ አንተንም ዋሽቼሃለሁ። አውቅ ነበር። አምና የአንዲት አስተማሪ የባንክ ደረሰኝ እንዲሁ አጥቁሬ ስንት ይቅርታ ለምኛለሁ። አርብ ዕለት ትኬቱን ሲሰጠኝ፣ ይንደድ፣ ምናልባት ውርርዱን ይተወዋል አልኩ። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ፒያሳዎቹን ሌባ የምል እኔ!
ዛሬ እነግረዋለሁ። ሱቁን ሳልዘጋ። መንጃ ፈቃዱንም እኔ አስወጣለታለሁ፣ ግን መጀመሪያ እውነቱን።
ይኸው መጣ፣ በሁለት እጁ ሻይ ይዞ። አንዱ የኔ ነው። ቁጭ በል ሙሉቀን እለዋለሁ፣ ከዚያ…