አባትሽ ያሳየኝ የእንጉዳይ ቦታ

ልጄ ቺዙሩ፣ የተራራችን አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይከተልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የእንግዳ ማረፊያችን ሞልቷል። ትናንት አንቺ ካለሽበት ከሊዮን የመጡ ባልና ሚስት የእንጉዳዩን ሩዝ ሦስቴ አስጨምረው በሉ። «መንገዱ እንደፈራነው ሩቅ አይደለም» አሉኝ። ለልጄ ንገሩልኝ አልኳቸው።

እንጉዳዩ የሚበቅልበትን የጥድ ሥር አባትሽ ያሳየኝ ሊሞት ሲል ነው። እንደምታውቂው ቦታው ከቤተሰብ አይወጣም፣ በደብዳቤም አይጻፍም። ጎረቤታችን ቶኩጂ ግን አላስቀምጥ ብሎኛል።

«እትዬ ፉሚኤ፣ ቅርጫቱን ልያዝልዎት?»

«አንተ ሽማግሌ፣ አንተንስ ማን ይይዝሃል?»

«ታዲያ ቦታውን ይዘውት ሊቀበሩ ነው?»

እውነቱን ነው። ዘንድሮ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ።

ገንዘብ አትላኪልኝ። ለጥቅምት ነይና ከኋላዬ ተከትለሽ ዳገቱን ውጪ። ካልመጣሽ ለቶኩጂ አሳየዋለሁ፤ እሱ ቢያንስ ጠይቆኛል።

እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ።

እናትሽ ፉሚኤ