የኢልፖ የሬሳ ሳጥን

ራይሊዬ፣
እንደምታውቂው የሙዚቃ ባንዳችን ዘፋኝ ኢልፖ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሬሳ ሳጥን እየተነሣ ነው ሮክ የዘፈነው። ሳጥኑን የሠሩለት አናጢው አባቱ ያኔ "አዋስኩህ እንጂ አልሰጠሁህም" ብለውት ነበር። ባለፈው ሳምንት ሞቱ፤ ኑዛዜያቸው ሲከፈት "ሳጥኔን መልስልኝ" ይላል። በእሱው ቀበርናቸው።

ዛሬ እዚህ ኦውሉ ከተማ በጠራራ ፀሐይ፣ ጥቁር ካባውን ለብሶ፣ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ፣ እንደማንም ሰው በእግሩ መድረክ ላይ ወጣ።
"ሳጥኑን የት ሸጥከው?" አለው አንዱ ከፊት።
"ባለቤቱ ወሰደው" አለ ኢልፖ።
ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ድራሜን መምታት አቃተኝ።

እናንተ ጋ ታምፔሬ ዝናብ ነው አሉ፤ እዚህ የፊታችን ቀለም ቀልጦ እስከ አንገታችን ወረደ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። አባትሽን ሳሚልኝ፤ ከእሳቸው የተዋስኩትን መሰላል ግን ገና አልመልስም በያቸው።
ሳቱ