አንድም፣ ገደል ግባ

ይድረስ ለድሮ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ዓይንህን ጋርዶት የነበረው ሞራ ተነሣልህ ወይ? ጉልበትህስ ደረጃ ያስወጣሃል? እዚያ ፎቅ ላይ ብቻህን ስትሆን ውኃ የሚያቀብልህ ሰው አለህ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ናፍቆቱን ያስገባሁት የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ነው፤ አለዚያማ በአፍንጫዬ ይውጣ። ከሞትኩ ወዲህ እንዲያውም አምሮብኛል። የሺወርቅ የሚል ስም አውጥተህልኝ በልቦለድህ መጨረሻ ገደል ከከተትከኝ፣ ከዚያም ፊልም ሠሪዎቹ መጽሐፍህን ተከትለው ዳግመኛ ከከተቱኝ ጀምሮ ራስ ምታት እንኳን ደፍሮኝ አያውቅም።

ያለ ነገር አልጻፍኩልህም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደባርቅ አዳራሽ ውስጥ ፊልምህን አሳዩን። አሁን «ክላሲክ» ነው የሚሉት። ክላሲክ ማለት ሰው ሲያንቀላፋበት የሚያፍርበት ፊልም ማለት መሰለኝ፤ ምክንያቱም ከጎኔም ከፊቴም ያንኮራፉ የነበሩት ሁሉ መብራት ሲበራ ዘለው ተነሥተው አጨበጨቡ። ይህስ ባልከፋ። «አሁን ደግሞ የተመልካች አስተያየት» ተባለና ማይክሮፎኑ ዞረ። ወዳጄ፣ የከረመ ቅቤ ሸቶህ ያውቃል? አስተያየቱ እንደዚያው ነበር።

መጀመሪያ ጸጉሩን እንደ ጭላዳ ዝንጀሮ ጎፈር የለቀቀ ጎረምሳ ተነሣ። «ስሎው ነው» አለ። «ልጅቷ ለመሞት ሁለት ሰዓት ሙሉ ምን አስጠበቃት?» ይኼኛውን እንኳን ለማቀፍ ቃጥቶኝ ነበር። ቀጥሎ ከጎንደር የመጣ ባለ መነጽር «ገደሉ ተምሳሌት ነው፤ የዘመኑ መንፈስ ባዶነት ነው» ሲል አዳራሹ በሙሉ የገባው መስሎ ራሱን ነቀነቀ። የጎረቤቴ ላም ክረምት ላይ የገባችበት ገደል እኮ ነው! ምስኪን፣ ተምሳሌት ውስጥ ገብታ ቆዳዋ እንኳን አልተገኘም።

አጠገቤ የተቀመጠችው እየሩስ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች «ምነው እኔንም ለእንዲህ ያለ ፍቅር ገደል በከተተኝ» አለች። ባሏ ከወዲያ በኩል ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ «ገደሉ እንደሆነ ከከተማው ዳር ነው። ሂጂ፣ ማን ያዘሽ?» አላት። ከዚያን ቀን አስተያየት ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር፤ ማይክሮፎን ግን አልሰጡትም።

ማይክሮፎኑን የነጠቀው ገዱ ነው፤ ከጃናሞራ መጥቶ እዚህ ፈረንጅ የሚያስጎበኘው። «ይኼ ውሸት ነው!» አለ። «ከዚያ አፋፍ ብትወድቅ ከታች ጭላዳ የሚያድርበት እርከን ይቀበላታል። ቁርጭምጭሚቷ ይወልቃል እንጂ አትሞትም።» እሰይ፣ አንድ ሰው ተገኘ ብዬ ነበር። በነጋታው የበግ ጸጉር ብርድ ልብሴን፣ ባናዬን ሸጬ ስመለስ ያው ገዱ ፈረንጆቹን እዚያው አፋፍ ላይ አቁሞ «ጉም ሲወርድ የየሺወርቅ ጩኸት ይሰማል» እያለ እንባ ያስፈስሳቸዋል። ጩኸቱ በእርግጥም ተሰማ። ጉሙ ውስጥ የምትጮኸው ሚስቱ ናት።

ወደ ዋናው ልምጣልህ። መጨረሻ ላይ የቅኔው መምህር መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ተነሡ፤ እሳቸው ሲነሡ ያልተነሣ የለም። «የልጅቱን የመጨረሻ ቃል እንፍታ» አሉ። መኪናው ሲርቅ አፋፉ ላይ ቆማ የምትጮኻትን ማለታቸው ነው፤ ያቺን አገር የሸመደዳትን «ገደል ልግባልህ!» የምትለዋን። ከዚያ ጉሮሮአቸውን ጠርገው እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ተረጐሟት። «ገደል ልግባልህ አለች። ስለ አንተ ልሙት ስትል ነው። አንድም፣ አንተ የምትገባበትን ገደል ቀድሜህ ልግባ ስትል ነው። አንድም፣ ፍቅር ራሱ ገደል ነውና ወድጄ ገባሁ ስትል ነው።» አዳራሹ ተንሰቀሰቀ። አንኮራፍተው የነበሩት ደግሞ ከሁሉ ባሰባቸው።

ሳላስበው ከኋላ ወንበር ላይ ተነሥቼ «አንድም፣ ገደል ግባ ስትል ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሳቁ ጣራውን አነሣው። መሪጌታ ግን አልሳቁም፤ ዞር ብለው ፈለጉኝ። «ይህች አንድምታ ከየት መጣች?»

«ከባለቤቱ ናት፣ መምህር።»

«የዓረፍተ ነገሩ ባለቤትማ የሺወርቅ ናት» አሉኝ፤ አሁን ፈገግ ብለዋል። «እሷ ደግሞ ገደል ገብታለች። ከየት ታመጫታለሽ?»

ተጨበጨበላቸው። እኔ፣ ባለቤቲቱ፣ በሰዋስው ተረትቼ ተቀመጥኩ። ከሽማግሌዎቹ ያስታውስ የነበረው ሁሉ አልቋልና ማን ይመስክርልኝ?

አንተ ነሃ የቀረኸው። ዳባት ላይ፣ ገደል በአካባቢው በሌለበት ሜዳ፣ በገበያ ቀን፣ ገብስ በጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ወጥተህ «ለፋሲካ እመጣለሁ» አልከኝ። ቀና ብዬ ሳይ ከጆንያው ላይ አልጋህ ታስሯል። ለፋሲካ የሚመለስ ሰው አልጋውን ይጭናል? ያን ጊዜ ነው «ገደል ግባ!» ያልኩህ። ንጹሕ፣ ያልተበረዘ ስድብ። በዕድሜዬ ከአፌ ከወጣው ሁሉ እንደሱ ከልቤ የወጣ የለም። ሞተሩ ያጓራ ነበር፣ እሺ። ግን ከፊት «ል»፣ ከኋላ «ልህ» የጨመረልህ የትኛው ሞተር ነው? ስድቤን ወስደህ ዳንቴል አለበስከውና ዝና በላህበት።

እርግጥ ነው፣ ጎንደር ሳይደርስ ኮሶዬ ላይ መንገዱ ገደል ለገደል ስለሆነ፣ እርግማኔ እንዳይደርስ ብዬ ዕለቱን ለኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ ተስያለሁ። ለሾፌሩ ብዬ ነው፤ የልጆች አባት ነበር። ጎንደር በደኅና መግባታችሁን ስሰማም ስለቴን አግብቻለሁ። ይህ ግን ከነገራችን ጋር አይገናኝም።

ሰኞ ዕለት ፍቅርአዲስ የምትባል የባህል ክፍል ሠራተኛ ቤቴ መጣች። «ማዘር» አለችኝ፤ ባል ሳላገባ ልጅ አገኘሁ። ለካስ ያ አፋፍ «የየሺወርቅ አፋፍ» ሊባል ነው። ድንጋይ ተጠርቧል፤ «ገደል ልግባልህ» የሚለውም ተቀርጾበት አልቋል። በዳግም ትንሣኤ አንተ ራስህ መጥተህ ጨርቁን ትገልጣለህ። «ለፋሲካ እመጣለሁ» ብለህ አልነበር? ትንሽ ዘገየህ እንጂ ቃልህስ ቃል ነው።

ልጅቱ የመጣችው ግን ልታበስረኝ አይደለም። «ማዘር፣ በሙሾ እርስዎን የሚያህል የለም አሉኝ። ለየሺወርቅ አንድ ሁለት ቤት ያወርዱልናል?»

ለራሴ ለቅሶ አልቃሽ ተጠራሁ ማለት ነው። እሺ አልኳት።

አሁን ስማኝ። መጽሐፍ ይረሳል፤ ፊልሙንም አይተኸዋል፣ ያስተኛል። ድንጋይ ግን አይተኛም። እኔ ካለፍኩ በኋላ የመጣ የሄደው ሁሉ፣ አልጋውን ጭኖ ለሸሸ ሰው «ገደል ልግባልህ» የምትል ሴት ሲያነብ ይኖራል። ወጣትነቴን ወስደሃል፣ ይሁን። ስሜን ቀይረሃል፣ ይሁን። ሞቴንም ጽፈሃል። ስድቤን ግን መልስልኝ። ከዚያ ሜዳ ይዤ የተመለስኩት ሀብት እሱ ብቻ ነበር። ጨርቁን ከመግለጥህ በፊት በመሪጌታ ፊት ቆመህ ያልኩህን ቃል እንዳልኩህ ተናገር። በተቀረጸው ላይ ምን ይደረግ እንደሆነ ጠራቢው ያውቅበታል፤ መፋቅ ከመቅረጽ አይከብድም።

ካልተናገርክ ደረቴን እየመታሁ እኔው እናገራለሁ። ሙሾው ተሰናድቷል፤ እንዳትደነግጥ አስቀድሜ ልስጥህ፦

ገደል ገባች ብለው ለኔ ሲያለቅሱ፣
ገደል ግባ ያልኩት ደኅና ነው ወይ እሱ?

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፄ ቢሰበር ሙያ ነው፤ አልቃሽ ሁሉ ያደርገዋል። ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው፤ ትርጉም ስትሰጥ የሚመጣውን አይተነዋል።

በል እንግዲህ፣ ዓይንህን ያብራልህ፣ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ የመንገዱን መልአክ ያስቀድምልህ። ኮሶዬ ስትደርስ ሾፌሩን ቀስ በል በለው። ጃንጥላ እንደ ድሮው አይደለም፣ ተወዷል፤ ሌላ አታስገዛኝ።

ገደል ያልገባችው
የድሮ ወዳጅህ